ቪትዝ ስትኳል

መኪና መቀየር ያቃተው ሰው የመኪናውን መልክ ይቀይራል። በመቀመጫ ልብስ ይጀምራል፤ ወደ መሪ ሽፋን ያልፋል፤ ሲብስበት ቸርኬውን ቀለም ያስቀባል። ልቡ አሁንም አልረጋ ካለ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኮፈኑን ይከፍትና የፊት መብራቶቹን ትክ ብሎ ያያቸዋል። እዚህ ደረጃ የደረሰን ሰው ምክር አይመልሰውም። ዘመድ ሊያደርግለት የሚችለው አብሮት ቆሞ ብሎን መያዝ ብቻ ነው።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም እዚያ ደረጃ የደረሰው ባለፈው ግንቦት ነው። ሥራው የሒሳብ መዝገብ ነው፤ ቀኑን የሰው ገንዘብ ሲደምርና ሲቀንስ ይውልና ማታ ማታ ስልኩ ላይ የማያውቃቸው ሰዎች መኪና ሲፈቱ እያየ ያመሻል። ዜናውን የነገረን እሁድ ምሳ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ቪትዟን ኩል ላደርግላት ነው።»

ባለቤቴ ጭልፋውን አስቀመጠች። «ምን ልታደርጋት?»

«ኩል። የፊት መብራቷን አወጣና እከፍተዋለሁ፤ ከዚያ ውስጡን ጥቁር እቀባዋለሁ።»

«መብራት ደግሞ እንዴት ነው የሚከፈተው?»

«በሙቀት ነዋ። ኦቭን ውስጥ ይገባና…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ዓይኑ ግን ሳያስበው ወደ ኩሽናው ሄደ፤ የእህቱም ዓይን ተከትሎት ሄደ። ሁለቱም ያረፉት አንድ ቦታ ላይ ነው። ኦቭኑን ዱባይ የምትኖረው ታላቅ እህታቸው ናት የላከችው፤ ቤታችን ውስጥ ከፍሪጁ በላይ፣ ከእኔም ትንሽ ከፍ ብሎ የሚከበር ዕቃ ነው።

ኩል ማለቱ ልክ ነው። የመኪና የፊት መብራት ሲከፈት ከፊት ግልጽ የፕላስቲክ ሽፋን፣ ከኋላ ጥቁር የፕላስቲክ ቤት አለው። በመካከላቸው አምፖሉ የሚቀመጥበት የሚያንጸባርቅ ጎድጓዳ ሳህን አለ፤ በሳህኑ ዙሪያ ደግሞ ለጌጥ ብቻ የገባ ብርማ ፍሬም። ጥቁር የሚቀባው ይህ ፍሬም ነው። ዙሪያው ሲጠቁር መሀሉ ደምቆ ይወጣል። የሚገኘው ትርፍ ይኸው ነው። መንገዱ ላይ አንድ ክንድ ተጨማሪ ብርሃን አያወርድም። መብራት የተሠራው ባለመኪናው እንዲያይበት ነው፤ ባለመኪናው ግን እሱ ራሱ እንዲታይለት ይፈልጋል። ግቢያችን ውስጥ በቀጣዮቹ ቅዳሜዎች የሆነው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ለቪትዝ ይህን ያህል መድከም የሚገርመው ሰው ይኖራል። ቶዮታ በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣት፣ መልኳን ሶቲሪስ ኮቮስ የሚባል ግሪካዊ የነደፋት፣ አውሮፓ ያሪስ ብሎ የተቀበላት ትንሽ መኪና ናት። ጃፓንም በ2020 ቪትዝ የሚለውን ስም ትታ ያሪስ ማለት ጀምራለች። እኛ አልተውንም። እኛ ዘንድ ቪትዝ የዕቁብ ዕጣ ናት፤ የሙሽራ ስጦታ ናት፤ የስንቱ ቤተሰብ እንጀራ ናት። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችው ያለችው ሆነች። የምትተካበት ስለሌለ ትኳላለች።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ የቪትዟ ዓይን ቀድሞም ደህና አልነበረም። ግልጹ ሽፋን ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ጠጠር ቢመታው አይሰበርም፤ ፀሐይ ግን ትረታዋለች። ከላዩ ጨረር የሚከላከልለት ስስ ቅብ አለው፤ ቅቡ ሲላጥ ፕላስቲኩ ቢጫ ሆኖ ይደፈርሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ ፀሐይዋ ለማንም አታዝንም። ለዚህ በሽታ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ የጥርስ ሳሙና ሐኪም አለው። በጨርቅ ይቀባል፣ ያሻል፣ ውሃ ያፈስበታል፤ መብራቱም ያበራል። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ደቃቅ ዱቄት ስለሚሞርደው ነው። ችግሩ፣ ሲሞርድ ከመከላከያው ቅብ የተረፈችውንም ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ ትንሽ ቆይቶ ቢጫው ወዳጅ ጨምሮ ይመለሳል።

ግቢያችን ውስጥ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሾፌር አሉ። ቪትዟን ዞረው አይተው፣ ሽፋኑን በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉ።

«ፕላስቲክ ነው?»

«አዎ አባባ።»

«የኔ ላዳ መብራት መስታወት ነበር። እስክሸጣት ድረስ አልቢጨም።»

እውነታቸውን ነው፤ መስታወት አይቢጭም። አሜሪካኖች ከ1940 እስከ 1983 እ.ኤ.አ. ድረስ መኪና ሁሉ መጠኑ የታወቀ፣ የታሸገ የመስታወት መብራት ብቻ እንዲኖረው በሕግ ያስገድዱ ነበር። አምፖሉ ሲቃጠል መብራቱ እንዳለ ይጣላል፤ ሌላ ይገዛል፤ ታሪኩ አለቀ። ሕጉ የላላው ፎርድ ኩባንያ ጠይቆ ነው፤ በ1984 ሊንከን ማርክ ሰባት አምፖሉ ብቻውን የሚቀየር መብራት ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲያ መብራት የየመኪናው የፊት ገጽታ ሆነ፤ ቅርጹም ከፋሽን ጋር ይሮጥ ጀመር። ፎርድ ያኔ ዝም ቢል ኖሮ የባለቤቴ ኦቭን ዛሬ ድፎ ዳቦ ብቻ ይጋግር ነበር።

መብራት ማውጣት ለሚያየው ቀላል ነው። ከላይ ሁለት ሦስት ብሎን ፊት ለፊት ይታያል። እነሱ ተፈትተው መብራቱ ሲሳብ ግን አይመጣም፤ ሌላ ብሎን ከፓራውልቱ ጀርባ ተሸሽጎ ይዞታል። እሱን ለማግኘት ፓራውልቱ መውረድ አለበት፤ ፓራውልቱ እንዲወርድ ክሊፕሶቹ መነቀል አለባቸው፤ ክሊፕሶቹ ደግሞ ዕድሜያቸው ከባለቤቱ መንጃ ፈቃድ ይበልጣል፣ ካቻቢቴ ገና ሲያዩ ይሰበራሉ። ሶማሌ ተራ በጅምላ ይሸጣሉ። ብልህ ሰው አስቀድሞ ገዝቶ ይጠብቃል፤ አማቼ ከሰበረ በኋላ ገዛ።

ብሎኖቹ በአስር ቁጥር ቁልፍ ነው የሚፈቱት። የጃፓን መኪና ግማሽ አካሉ በአስር ቁጥር የታሰረ ነው፤ ለዚህም ነው ከቁልፍ ሳጥን ውስጥ ሁልጊዜ የሚጠፋው እሱ የሆነው። ስምንት ቁጥር አለ፤ አሥራ ሁለት ቁጥር አለ፤ በመካከላቸው የቁልፉ ቅርጽ የተቀረጸበት ባዶ ቦታ አለ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤታችን ሊያውሰን ፈቀደ። ነገር ግን ይህ ሰው ከዚህ በፊት ቁልፍ አውሶ የተማረ ሰው ነው፤ አሁን ቁልፉን የሚያውሰው አብሮ እየመጣ ነው። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ እጁን ኪሱ ከቶ ከፓራውልቱ አጠገብ ቆመ። አማቼ ቁልፉን መሬት ባስቀመጠ ቁጥር እያነሳ በመሀረብ ይጠርገው ነበር።

ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ኮፈን የከፈተ ሰው ስብሰባ ጠርቷል ማለት ነው። የሚያልፈው ሁሉ ይቆማል፤ የቆመው ሁሉ «ምን ሆና ነው?» ይላል። «ምንም አልሆነችም» ሲባል ማንም አይቀበልም። ምንም ያልሆነች መኪና ትፈታለች? አንዱ ባትሪዋ ነው አለ። ሌላው ድምፅዋን ሳይሰማ ካንዴላዋ ነው ብሎ ማለ። ፓራውልቱ ወርዶ ቪትዟ ያለ ፊት በቀረችበት ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት እናት ደረሱ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆም አሉና «ልጆቼ፣ ሰው ተረፈ?» ብለው ጠየቁን። ተርፏል አልናቸው። «ተመስገን፣ ብረቱ ይተካል» ብለው አጽናንተውን ሄዱ። ማስተባበል ረጅም መንገድ ስለነበር አሜን ብለናል።

መብራቱ ሲወጣ እኔ የአምፖል ኃላፊ ሆንኩ። አምፖሉ ኤች 4 የሚባለው ሃሎጅን ነው፤ ረጅሙ 60 ዋት፣ አጭሩ 55። ብርጭቆውን በጣት መንካት ክልክል ነው፤ የጣት ቅባት ላዩ ላይ ይቀርና ሲበራ ያ ቦታ ከሌላው በላይ ግሎ አምፖሉን ሊያፈነዳው ይችላል። አማቼ በሶፍት ጠቅልሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ያን ያህል ተጠንቅቄ የያዝኩትን ነገር ለማየት የመጡ ልጆች ጫጩት አለመሆኑን ሲያውቁ በጣም አዘኑ።

የኦቭኑ ድርድር ግን እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ አልነበረም። ባለቤቴ ከኦቭኗ በስተቀር የትኛውንም አማራጭ ለመስማት ዝግጁ ነበረች፤ ግቢውም አማራጭ አላጣም። አንዲት ጎረቤት የኤሌክትሪክ ምጣዳቸውን ሊሰጡ ፈቀዱ። ቸርነታቸው እንዳለ ሆኖ፣ ምጣድ ከሥር ብቻ ስለሚያግል መብራቱ ከላይ ሳይላላ ከታች ቀልጦ ይጠብቃል። ቀጥሎ የታሰበው ከሕንፃው ሥር ያለው የሴቶች ፀጉር ቤት ነው። በፎን ተሞከረ፤ አንዱ ጎን ሲሞቅ ሌላው ይበርዳል፣ ሌላውን ሲያሞቁ የመጀመሪያው ይጠነክራል። ሽፋኑን ከኋላው ቤት ጋር የያዘው ሙጫ ደግሞ የሚላላው ዙሪያውን እኩል ሲሞቅ ነው። አማቼ ዓይኑ ካስኩ ላይ ሲያርፍ የፀጉር ቤቱ ባለቤት አየችው። «ፀጉር የሌለው ደንበኛ አላስተናግድም» አለች።

ኦቭኑ በመጨረሻ የተፈቀደው በውል ነው። መብራቱ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል። አምፖል፣ የጎማ ክዳን፣ ብሎን፣ ሽቦ አንድም አይቀርበትም። የሚነጠፈው ፎጣ ከባለቤቴ ፎጣዎች አንዱ አይሆንም። የሚቀጥለውን ጤፍ ወፍጮ ቤት ወስዶ የሚያስፈጨው፣ ተሸክሞም አራተኛ ፎቅ የሚያወጣው አማቼ ነው። ቤቱ ከሸተተ ደግሞ ኦቭኑን ከነመብራቱ ይዞ ይሄዳል፤ ግን መጀመሪያ አዲስ ይገዛል።

እዚህ ላይ ቁጥር ወሳኝ ነው። ኦቭኑ አስቀድሞ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ መብራቱ የጋለውን ሽቦ እንዳይነካ ጣውላ ላይ እርጥብ ፎጣ ተነጥፎ ይቀመጣል፤ አሥር ደቂቃ ገደማ ይቆያል። ዳቦ የሚጋገርበት 180 ዲግሪ ላይ ቢገባ ግልጹ ሽፋን ይጣመማል፤ የኋላው ቤት ይቀልጣል። የኦቭኑ መዘውር ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ ሁሉም ባለኦቭን እንደሚያውቀው ሐሳብ ነው እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም። አማቼ በርጩማ ስቦ ከመስታወቱ ፊት ተቀመጠ፤ ባለቤቴ በር ላይ ቆመች፤ የቁልፉ ባለቤትም፣ አሁን በኩሽና ሥራ ምንም ድርሻ ባይኖረውም፣ ፍጻሜውን ሊያይ መጣ።

ሙጫው መላላት ሲጀምር መብራት ጠፋ። የሰፈሩን ማለቴ ነው፤ የቪትዟማ ኦቭን ውስጥ ናት።

ጨለማ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ባለቤቴ መሳቅ ጀመረች፤ ከግንቦት መጀመሪያ አንስቶ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም። መብራቱ የመጣው እራት በሻማ ከተበላ በኋላ ነው፤ የግቢው ልጆች «መጣ!» ብለው ሲጮኹ ከሁሉም በላይ የተሰማው ያማቼ ድምፅ ነው።

መክፈቱ ራሱ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ግን የትዕግሥት ሥራ ነው። አማቼ ጓንት አጥልቆ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጠርዙ ላይ አስገባና በቀስታ ወደ ላይ አነሳው። ጭል የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሽፋኑ ፈቀቅ አለ፤ በሁለቱ መካከል ጥቁሩ ሙጫ በብዙ ቀጫጭን ክር ተለጠጠ። ክሮቹ ካልተበጠሱ መልሰው ይስባሉ፤ ሲበጠሱ ደግሞ ወደ ውስጥ ወድቀው ሳህኑን ሊነኩ ይችላሉ። አማቼ አንዱን ክር በመቀስ ሲቆርጥ ትንፋሹን ይዞ ነበር። የሒሳብ ሰው እንዲህ ሲጠነቀቅ ያየሁት የግብር ወቅት ላይ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ዕድል የአሮጌ መኪና ዕድል ነው። በአዳዲሶቹ ብዙ መኪኖች ላይ ሽፋኑ የሚጣበቀው ሲሞቅ በማይላላ ጠንካራ ሙጫ ነው፤ እሱን ለመክፈት ቆርጦ መግባት ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜም ሽፋኑ ይሰነጠቃል። ባለ አዲስ መኪናው የመብራቱ ፍሬም ቢያስጠላውም እስከ ዕለተ ሽያጩ ከዚያው ጋር ይኖራል። ባለ ቪትዙ ግን ይከፍታል። ሀብታም የማያገኘው ነገር አለ ሲባል ሁልጊዜ እንቅልፍ ይጠቀሳል፤ ይህም ይጨመርበት።

ተከፍቶ ሲታይ ውስጡ ትንሽ አቧራ ነበረበት። ባለቤቴ የኩሽና ጨርቋን ይዛ እጇን ዘረጋች፤ አቧራ አይታ ማለፍ ተፈጥሮዋ አይደለም።

«አትንኪው!»

ከተወለደ ጀምሮ እህቱ ላይ እንደዚያ ጮሆ አያውቅም። ነገር ግን እውነቱን ነው። የሳህኑ አንጸባራቂ ፊት ብረት አይደለም፤ ፕላስቲክ ላይ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ የተነፋ እጅግ ስስ አሉሚኒየም ነው። አንድ ጊዜ በጨርቅ ከተጠረገ ከጨርቁ ጋር ይነሳል፤ የተነሳውን ደግሞ ቤት ውስጥ የሚመልስ የለም። አቧራው በአየር እፍ ይባላል፤ ካልሄደ ይተዋል። ባለቤቴ ጨርቋን አጥፋ ትከሻዋ ላይ አደረገችና «በኔ ኩሽና፣ በኔ ኦቭን፣ እኔ አልንካ?» አለች። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ቪዲዮ ስልኩ ላይ አልነበረም።

ያ ሳህን መቀባት የለበትም፤ ይህን ያለ ምንም ማለሳለስ እናገራለሁ። ድሮ ብርሃኑን በመንገዱ ላይ የሚበትነው የመስታወቱ ሽንትር ነበር፤ ዛሬ ሽፋኑ ግልጽ ሆኖ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ሳህኑ ነው፤ እያንዳንዱ እጥፋቱ ብርሃኑን የት እንደሚያሳርፍ ተለክቶ የተሠራ ነው። ፍሬሙን ጥቁር መቀባት ጌጥ ነው። ሳህኑን የሚቀቡ፣ ወይም ከውጭ ሽፋኑ ላይ ጥቁር ፕላስቲክ የሚለጥፉ ጎረምሶች ግን መኪናዋን አላስጌጧትም፤ አሳውረዋታል። ማታ ቀለበት መንገድ ላይ ሲመጡ የሚታዩት ካለፉ በኋላ ነው።

ፍሬሙ ተፈትቶ ወጣ። በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ተሞረደ፤ ቀለም ልሙጥ ነገር ላይ አይዝምና። ከኮሮና ጊዜ በተረፈ አልኮል ተጠረገ። ቀለም ቤት ያለው ልጅ በቲነር ጥረጉት ብሎን ነበር፤ ቲነር ግን ፕላስቲኩን ይበላዋል። ከዚያ የፕላስቲክ ፕራይመር፣ ከዚያ ጥቁር ስፕሬይ፣ ስስ ስስ እየተደረገ፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ሳይደረብ። የሚቀባው ነፋስ በሌለበት ቦታ ነው፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ ነፋስ የማይገባው ኮሙናሉ ብቻ ነው፤ ኮሙናሉ ውስጥ ክረምቱ ሳይገባ ሊደርቅ የተሰጣ የጎረቤት በርበሬ ነበር።

ማን ማንን እንደበደለ እስከ ዛሬ ስምምነት የለም። ባለ በርበሬዋ ስፕሬዩ በርበሬዬን አሸተተብኝ አሉ። አማቼ የበርበሬው ብናኝ እርጥብ ቀለሜ ላይ አረፈ አለ። ሽማግሌ ተቀምጦ የተፈረደው ቀለሙ ወደ ጣሪያ እንዲወጣ፣ በርበሬውን ወደ ወፍጮ ቤት የሚያደርሰው ደግሞ አማቼ እንዲሆን ነው። ጤፉ ላይ በርበሬ ተጨመረበት።

መግጠሙ ሲደርስ አንድ ያልተነገረ ነገር ብቅ አለ። መብራት ሲከፈት አንድ ጊዜ፣ ሲዘጋ ደግሞ ሌላ ጊዜ ኦቭን ይገባል፤ መብራቱ ሁለት ነው። ባለቤቴ ስሌቱን በራሷ ሠርታ ወንድሟን ዝም ብላ አየችው። እሱ ግን ፊቱን ወደ ሙጫው አዙሮ ነበር። የሰፈር ሱቅ ውስጥ ያለው ተራ ሲሊኮን ለዚህ አይሆንም፤ ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ነገር ይተነፍሳል፤ ያ ትንፋሽ መብራቱ ውስጥ ታፍኖ ስሱን አሉሚኒየም ያበላሸዋል። የሚሆነው ዋናው ጥቁር ሙጫ ነው። አሮጌው ተጠርጎ አዲሱ በቦዩ ዙሪያ ተጋደመ፤ መብራቱ ሞቆ ተገጠመ፤ እስኪበርድ ድረስ ዙሪያውን በልብስ መቆንጠጫ ተያዘ። የግቢው ሕፃናት መቆንጠጫ በጥርሱ የያዘ የመኪና መብራት ሊያዩ በተራ ገቡ። ከተዘጋ በኋላ ነው የቀኙ መብራት ውስጥ፣ ጥቁሩ ፍሬም ላይ ተጣብቃ የቀረች አንዲት የበርበሬ ፍሬ የታየችው። መልሶ ለመክፈት ሌላ ኦቭን ያስፈልጋል። አማቼ «የፋብሪካ ምልክት ትመስላለች» ብሎ አለፈ።

እውነተኛው ትምህርት የመጣው ከዚህ በኋላ፣ ማታ፣ ግድግዳ ፊት ነው። መብራት ወጥቶ ሲገባ አቅጣጫው ስለሚነቃነቅ መኪናዋ ከግድግዳ 7 ሜትር ተኩል ያህል ርቃ ቆማ ይስተካከላል። አጭሩ ሲበራ ግድግዳው ላይ የብርሃኑ ጫፍ አግድም ሄዶ በአንድ ወገን ሽቅብ ይወጣል፤ የሚወጣው የእግረኛው ወገን እንዲታይ ነው። የቪትዟ ብርሃን ሽቅብ የወጣው በግራ ነው። አባባ ሾፌሩ ከኋላ ቆመው ነበርና «አሃ» አሉ።

ጃፓን በግራ ትነዳለች። እኛ በቀኝ መንዳት የጀመርነው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ አባባ ልጅ ሆነው መኪናው ሁሉ ወገን የቀየረበትን ጊዜ ያስታውሳሉ። ከጃፓን ገበያ የተነሱ ብዙ መኪኖች ዱባይ ላይ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮላቸው መጥተዋል፤ መብራታቸውን ግን ያዛወረላቸው የለም። መሪው አዲስ አበባ ገባ፤ ዓይኑ ግን አሁንም የቶኪዮን እግረኛ መንገድ ይፈልጋል። እኛ አገር በግራ ያለው ከፊት የሚመጣው ሾፌር ነው። አማቼን ማታ ማታ ሰው ሁሉ ረጅም እያበራ የሚሰድበው ለዚህ ኖሯል፤ እሱ ግን እስከዚያች ማታ ድረስ ያሰበው መኪናው ትንሽ ስለሆነች የሚንቁት ነው። ኩል ዓይን ያሳምራል እንጂ አያቃናም፤ አቅጣጫው ያለው ሳህኑ ውስጥ ነው። የሚደረገው ወይ በማስተካከያው ብሎን ዝቅ ማድረግ፣ ወይ በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራ መብራት መግዛት ነው።

በማግስቱ ሶማሌ ተራ አብሬው ሄድኩ። ባለሱቁ ዋጋ ሳይጠራ ካርቶን ከፈተና አወጣልን፤ በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራ፣ አዲስ፣ ሽፋኑ ጥርት ያለ፣ የውስጥ ፍሬሙም ከፋብሪካው ጥቁር የሆነ። ጎኑ ላይ የተጻፈውን አንብቤ ለአማቼ አቀበልኩት። ግራና ቀኝ እያገላበጠ ብዙ ጊዜ አየው፤ ጥቁሩን ፍሬም በጥፍሩ ሊጭር ሞከረ። ከዚያ ካርቶኑ ውስጥ መለሰውና «ይሄ እኮ የፋብሪካ ነው» አለ፤ ባለሱቁ ቅሬታ መሆኑ አልገባውም።

ግዛው አልኩት። ከፊቱ የሚመጣውም ሰው ዓይን አለው፤ መብራት ከዚህ የበለጠ ምክንያት የሚቀየርበት የለም። አልሰማኝም። ዝቅ አድርጎ አስተካከለው፤ ለቦሎ ምርመራም ወስዷት አለፈች። መርማሪው መብራቷን አብርቶ አጥፍቶ ወደ ፍሬኑ ሄደ፤ ስለ ኩሏ አንድ ቃል አልተነፈሰም፣ የበርበሬዋንም ፍሬ አላየም። አማቼ ማለፏን ሲነግረን ፊቱ የወደቀ ሰው ፊት ነበር።

አሁን የኋላ መብራቶቹን እያየ ነው። የኋላዎቹ በሙጫ የተያዙ አይደሉም፤ ፕላስቲኩ ከፕላስቲክ ጋር ቀልጦ የተበየደ ስለሆነ ኦቭን አይከፍታቸውም። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ደስታዋን መደበቅ አቃታት፤ ቡና እየቀዳችለት «ታዲያ በምን ነው የሚከፈቱት?» አለችው።

«በመጋዝ ነው የሚቆረጡት። ቀጭን ሆኖ ጥርሱ የደቀቀ…» አለና ዓይኑ እንደገና ወደ ኩሽናው ሄደ። «እትዬ፣ ያቺ የዳቦ ቢላሽ ባለ ጥርሷ ናት አይደል?»